ቅቤ የነካው ክንድ

በ1938 ዓ.ም. መቀሌ ትንሽ ከተማ ነበረች። አንድ ሕፃን ጧት ቢያተኩሰው ከቀትር በፊት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። እኔ ከወሎ መጥቼ በጨው አውራጅነት እኖር ነበር። ማንበብና መጻፍ ያወቅሁት ከአርባ ዓመቴ በኋላ፣ ያለ አስተማሪ ነው። ያን ዘመን የሚያስታውሱት እያለቁ ስለሆነ፣ የእማማ ኡሙሀኒን ነገር እኔው ልጻፈው።

እማማ ኡሙሀኒ ያገሬ ሰው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ቅቤውን በቅል ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። አራስ ያለበት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ሕፃኑን ይቀበሉና እርግብግቢቱ ላይ ቅቤ ያኖሩለታል። ይህ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚያደርገው ነው። እርሳቸው ግን ሲቀቡ ይመረምሩ ነበር። እርግብግቢቱ ጎድጉዶ እንደሆነ፣ የዐይኑ ሽፋን ውስጡ ነጥቶ እንደሆነ፣ ጭኑ ላልቶ እንደሆነ ጣታቸው ይነግራቸዋል። ከዚያ በሁለት እጃቸው ከፍ ያደርጉትና ካለፈው ሳምንት ጋር በልባቸው ያመዛዝኑታል።

የልጅ ክብደት በአፍ አይነገርም፤ ዐይን ይበላዋል። ስለዚህ ልጁ ከወፈረ፣ «ይሄ መናጢ! እንደ ገለባ ቀለለ እኮ!» ብለው ይሰድቡታል፤ የእናቲቱም ፊት ይበራል። «እንዴት ያለ ሸጋ ልጅ ነው» ካሉ ግን እናቲቱ ትደነግጥና ልጇን አዝላ ወደ ፈንታሁን ትሮጣለች።

ፈንታሁን የከተማው ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። ከላስታ የመጣ ወጣት ክርስቲያን ነው። «እማማ፣ በሽተኛ የሚልኩልኝ እርስዎ፣ ደሞዝ የምበላው እኔ» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ፈንጣጣ በቆላው መንገድ እየመጣ ነው ተባለ። እኔና ባለቤቴ ጣይባ ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጃችንን በዚሁ በሽታ ቀብረናል። አሁን ዙሀራ የሰባት ወር ልጅ ናት። ፈንታሁን ክትባት አግኝቶ መጣ፤ እናቶች ግን ባዕድ ወንድ ቤታቸው ሲመጣ ሕፃናቱን ይደብቁበታል። ያን ጊዜ እማማ ኡሙሀኒ፣ «ሁላችሁም እኔ ግቢ አምጡልኝ» አሉ። እርሳቸውን እምቢ የሚል አልነበረም። አሥራ ስምንት ሕፃን ተሰበሰበ።

ፈንታሁን ከቀጭን ብልቃጥ ጠብታ የሕፃኑ ክንድ ላይ ያኖርና በመርፌ ጫፍ ይጭረዋል። ልጁ ይጮኻል። እማማ ኡሙሀኒ ከኋላው ቆመው፣ «አብሽር፣ አብሽር» እያሉ ይቀበሉታል። ፈንታሁን ወደሚቀጥለው ልጅ ዞሯል። እርሳቸው የሚያለቅስ ልጅ ሲይዙ ሁልጊዜ የሚያደርጉትን አደረጉ፤ በአውራ ጣታቸው ቅቤ አንሥተው ጭረቱን አሹት። አንድ በአንድ፣ አሥራ ስምንቱንም።

በስምንተኛው ቀን ፈንታሁን ሊያይ መጣ። ክንዶቹ ሁሉ ንጹሕ ነበሩ። እናቶቹ እልል አሉ።

«አየህልን ፈንታሁን?» አለች ጎረቤታችን አያልነሽ፤ «ያገራችን ልጅ ቶሎ ይድናል!»

ፈንታሁን ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «መዳኑ ነው ጉዱ፤ መቁሰል ነበረበት። ክትባቱ አልያዘም። ምን ነካችሁት?»

«ኧረ ማን ነክቶት!»

ከዚያ እማማ ኡሙሀኒ፣ «እኔ ነኝ። ቅቤ ቀባሁት» አሉ።

«መቼ?»

«አንተ ጭረህ ዞር ስትል።»

«ቅቤው ክትባቱን አስለቀቀው፤ ሁሉም እንደገና መጫር አለባቸው። ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አንተስ መቼ ነገርኸኝ? የሚያለቅስ ልጅ ስትሰጠኝ ምን ላድርገው፣ ልዝፈንለት?»

አያልነሽ ሳቀች። «ቅቤ ሲሸጡልን ከርመው አሁን ደግሞ ቅቤ ጠላት ነው ሊሉን!» ሴቶቹ ልጆቻቸውን እያዘሉ ወጡ። ጣይባም፣ «ወላሂ፣ ሁለተኛ አላስጭራትም» ብላ ዙሀራን ይዛ ሄደች። የተረፈው ክትባት ደግሞ ከዚያ ወዲያ ከሦስት ቀን በላይ ሳይበላሽ አይቆይም ነበር። በማግስቱ ደግሞ በዓይናለም መንደር በኩል አንድ ቤት ፈንጣጣ ገባ የሚል ወሬ መጣ።

እማማ ኡሙሀኒ በጧት ቅላቸውን ሳይዙ ወጡ። በየበሩ እየቆሙ፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሐኪሙም አይደለም፣ መድኃኒቱም አይደለም» ይሉ ነበር። እንደዚያ ኩሩ የነበሩ ሴት ይህን በአሥራ ስምንት በር ቆመው ተናገሩ።

ከኛ ቤት ሲደርሱ ጣይባ ዙሀራን ታጠባለች።

«እማማ፣ አይልፉ» አለች ቀና ሳትል።

«ያኛውን ልጅሽን አጥቤ የከፈንሁልሽ ማን ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ለዚህ ነው የመጣሁት።»

«እንዲህ እያሉ ሊያስፈራሩኝ ነው?»

«አዎ።»

ጣይባ ዙሀራን ከጡቷ አላቀቀች። «ስታለቅስ እርስዎ ይይዙልኛል?» አለች።

«እኔማ አልነካትም። ይህ እጅ ልጅ ሲያለቅስ መቀባት ለምዷል፤ አላምነውም። አባቷ ይያዛት።»

ያን ጊዜ አባት በሴቶች መካከል ሕፃን ታቅፎ መቆም ነውር ነበር። እኔ ግን ዙሀራን ታቅፌ ወደ እማማ ኡሙሀኒ ግቢ ሄድሁ። ሴቶቹ አዩኝና በሳቅ ፈነዱ።

«የጨው አውራጁን እዩልኝ! እንዳትጥላት፣ አሞሌ አይደለችም!»

«ቅቤው ሲቀር ጨው ሊነሰንስባት ነው!»

ፈንታሁን ጫራት። አየር እስኪያደርቀው ክንዷን ይዤ ቆምሁ። እየጮኸች በሌላው እጇ ጢሜን ጨብጣ ትጎትት ነበር። ከአሥራ ስምንቱ አሥራ ስድስቱ መጡ፤ ሁለቱ ቀሩ።

በስምንተኛው ቀን ዙሀራ አተኮሳት። ክንዷ ላይ መሐሉ የሰረጎደ ውሃ የቋጠረ እብጠት ወጣ። ጣይባ፣ «አስገደልኻት!» ብላ ጮኸችብኝ። ፈንታሁን አይቶ ግን እንደ ልጅ ሳቀ። «ያዘ! ያዘላት!» እማማ ኡሙሀኒ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ ብለው አዩት፤ ትንፋሻቸውን እንኳ ያዙ።

ጥር ላይ ፈንጣጣው ሰፈራችን ገባ። ሲያልፍ ከቀሩት ሁለት ሕፃናት አንዱን ወሰደ። ከግድግዳችን ማዶ ያለው ቤት ሰው ታሞበት እያለ ዙሀራን ግን በሽታው አልነካትም። ዛሬ ራሷ አያት ናት።

ለሞተው ልጅ እናት እማማ ኡሙሀኒ ሐዘኑ እስኪያልፍ ውሃ ቀዱላት፣ እንጨት ለቀሙላት። የወቀሳቸው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ግን ፈንታሁንን መንገድ ላይ አስቆሙት፤ እኔም አብሬው ነበርሁ።

«ስማ ልጄ» አሉት፤ «እኔ የማውቀው የእጄን ብቻ ነው፤ አንተም የእጅህን ብቻ። ከእንግዲህ አስቀድመህ ንገረኝ፣ ከዚያ ጫር።»

ፈንታሁን ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ ሌላ አገር እስኪዛወር ድረስ፣ አዲስ መድኃኒት በመጣ ቁጥር አንድ ሕፃን እንኳ ሳይነካ እርሳቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያስረዳ አየው ነበር።