ዛፍ ላይ የተበላ ማር

1988 ዓ.ም. ነው፤ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ትዝታ ሲባል ሰው የልጅነቱን ያወራል፤ የኔም ጥፋት የሚጀምረው ልጅ ሆነን ከለመድነው ነገር ነው። እኔና ገብሬ ከፋ ውስጥ፣ ከሺሺንዳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ጫካ አብረን አደግን። አባቶቻችን ቀፎ የሚሰቅሉት ረጃጅም ዛፍ ላይ ነበር። ማር ሲቆረጥ ደንብ አለ፤ የወጣ ሰው እላይ ሆኖ የበላው አይቆጠርበትም። ነፍሱን ሰጥቶ ነዋ የወጣው። ባለቤቱ ታች ቆሞ «ብላ እንጂ፣ ምን ታፍራለህ!» ይላል። ጭሱ ዓይን እያቃጠለ፣ ንቡ ጆሮ ሥር እየጮኸ፣ ማሩ በክርናችን ሲወርድ እየላስን። ከዚያ ወዲህ እንዲያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ያን ዓመት መጋቢት ላይ ገብሬ ከዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ቦንጋ ወጌሻ ዘንድ ሊወስዱት ሆነ። የልጁ የአበበች ሰርግ ለግንቦት መጨረሻ ተቆርጧል፤ የሰርጉ ጠጅ የሚጣለው ከሰባቱ ቀፎዎቹ ማር ነው። ቃሬዛ ላይ ተኝቶ እጄን ያዘና «ቀፎዎቼን አደራ። አንተ ወጣህ ማለት እኔ ወጣሁ ማለት ነው» አለኝ።

ወጣሁ። ከመጀመሪያው ቀፎ እላይ ሆኜ በላሁ፤ ደንብ ነው። በሁለተኛው ሆዴ ሞላ፤ ትንሽ ቆርጬ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩ። እላይ ብበላው ማን ይቆጥርብኝ ነበር አልኩ ለራሴ። በሦስተኛው ጨመርኩ። ከዚያ ወዲያ እኔ ቤት የገባው እሱ ቤት ከገባው በለጠ። የራሴ ቀፎ ሞልቶ ነበር እኮ! ማር አልቸገረኝም። ገብሬ ጋቢውን መንገድ ላይ ቢጥል ሮጬ የማደርስ ሰው ነኝ። ያኔ ሌባ ያለኝን ሰው በዱላ እለው ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው አይገባኝም። በመጨረሻ ለንቦቹ ቀለብ የሚተወውንም ቆረጥኩት። ንቦቹ ጥለው ሄዱ።

ገብሬ በምርኩዝ ሲመለስ ሚስቱ አስካለ የደረሳትን ማር አሳየችው፤ አንድ ቅል አይሞላም። ዞሮ አየኝ።

«ጉንዳን ገባባቸው» አልኩ። አፌ አልተደናቀፈም።

«ሰባቱም ላይ?» አለች አስካለ።

«ዝም በይ አንቺ!» ብሎ ተቆጣት። «እሱ ባይኖር ይህቺስ ትገኝ ነበር?»

ሰርጉ በጠላ ብቻ ሊሆን ነው ተባለ። እኔም በዚያው ማር ቤቴ ያስጣልኩትን ጠጅ ሁለት እንስራ አስይዤ ሰርጉ ላይ ደረስኩ። ገብሬ በምርኩዙ ተነስቶ በሰው ሁሉ ፊት አቀፈኝ። «ወንድም እንዲህ ነው! የኔን ጉንዳን ቢጨርሰው የራሱን አመጣልኝ!» አለ። እንባው ጉንጬን ነካኝ። ሽማግሌዎች መረቁኝ። አበበችም ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። እኔም አሜን፣ አሜን አልኩ።

ገብሬ ካረፈ ቆየ። ዛሬ ልጆቹ ንብ የሚያረቡት ጓሮ ውስጥ፣ በሳጥን ነው። ዛፍ የሚወጣ የለም፤ ታች ቆሞ ብላ የሚልም የለም። ማር ሲያመጡልኝ «ጋሼ፣ ቅመሱ እንጂ» ይሉኛል። ጥርሴን አሞኛል እላለሁ። ይኸውና እዚህም ዋሸሁ።

ያኔ፣ በሰርጉ ማግስት ጠዋት፣ ለገብሬ እውነቱን ልነግረው ቆርጬ ተነስቼ ነበር። መንገድ ላይ አገኘሁት፤ በአንድ እጁ ምርኩዝ፣ ትከሻው ላይ ጆንያ። አመድ ነው።

«ጉንዳኑ እንዳይመለስ የዛፎቹን ሥር ልክበበው ብዬ» አለኝ እያለከለከ። «እንኳን መጣህልኝ!»

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ጆንያውን ተቀበልኩት። ሰባቱንም ዛፍ ዞርኩ፤ አንዲት ጉንዳን እንዳታልፍ አጥብቄ ነሰነስኩ። ገብሬ ከኋላዬ እያነከሰ፣ «እዚህ ጋ ሳሳ፣ ጨምርበት» ይለኛል። ጨመርኩበት።