ለእማዬ የቀዳሁት የስኮትላንድ ሲዲ

«ዘፈን ነው እማዬ! ስንቴ ልንገርሽ? መዝሙር አይደለም።»

«አንተ አይደለህም እንዴ ጽፈህ የሰጠኸኝ? ይኸው የእጅህ ጽሑፍ! ‹ገና ሳልጠራህ ደጄ ቆመህ አገኘሁህ› የሚለውን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እኮ! ታዲያ ምን ያስጮህሃል?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት ስልሽ ከራሴ አውጥቼ ማለቴ ነው። ማዘር የሚሉት እንደዚያ አይደለም።»

እናቴ ካፖርቷን በአንድ እጇ ብቻ እንዳጠለቀች ሳሎኑ መሃል ቆመች። ሌላው እጅጌ ከኋላዋ ተንጠልጥሏል። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ አሥር ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን የኳየር ልምምድ አላት። በአንድ እጇ ሲዲውን፣ በሌላው ቃላቱን የጻፍኩበትን የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። በማግስቱ ኳየሩ የሲዲውን አሥራ አንደኛ ዜማ በእኔ ቃላት ሊዘምር ተዘጋጅቷል፤ እሷም ቀድማ ወጥታ ስለ ማዘር ልትመሰክር።

ማዘር የምትላቸው ስኮትላንዳዊቷን አሮጊት ነው። ፓርክ ሂል በሚባል ሰፈር ብቻቸውን ሲኖሩ፣ ተቀጥራ አራት ዓመት ሙሉ ያጠበቻቸው፣ ያበላቻቸው፣ ፀጉራቸውን ያበጠረችላቸው እሷ ናት። በመጨረሻው ዓመት እንግሊዝኛው ከአፋቸው ጠፋና በልጅነታቸው ደሴት ላይ የሚነገረው ጌይሊክ ብቻ ቀረ። እናቴ ስለ ጌታ የምትነግራቸውን በእንግሊዝኛ ስታዘጋጅና ስትፈራ ከርማ፣ ለመናገር ስትደፍር የሚሰማት ጆሮ አልነበረም። በረዶው ሳይቀልጥ ሞቱ። ጌታን ተቀብለው ይሁን ሳይቀበሉ ማንም ሊነግራት አልቻለም። የቀራት ማዘር በየጠዋቱ ያዜሙት የነበረ አንድ ዜማ ነው። እኛ በምንኖርበት ኦሮራ፣ አፓርታማችን ውስጥ፣ ዕቃ ስታጥብ እሱን ታንጎራጉራለች፤ መሃል ላይ ይጠፋባትና ቧንቧውን ዘግታ ታስባለች።

እኔ ደግሞ አላስችል አለኝ። ዜማውን አግኝቼ፣ ከሌሎች የአገራቸው ዘፈኖች ጋር በአንድ ሲዲ ልቀዳላት ወሰንኩ።

ያን ጊዜ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ሎት በር ላይ ቲኬት መቁረጫ ዳስ ውስጥ ነበር የምሠራው። መኪና በማይኖርበት ሰዓት በቲኬት ጀርባ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ቤት የሚመታውንና የማይመታውን በጆሮዬ ነው የለየሁት። እናቴ የግጥም ደብተሬን አንድ ቀን ድስት አስቀምጣበት አገኘሁት። ልትጎዳኝ ብላ አይደለም፤ ጠረጴዛው እንዳይቃጠል ነው። የጥቁሩ ክብ ምልክት እስከ ዛሬ ሽፋኑ ላይ አለ።

ከሥራ ስወጣ ትልቁ ላይብረሪ ገብቼ ስኮትላንድ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሲዲ ሁሉ እዋሳለሁ። ከዚያ በኮልፋክስ ጎዳና በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ፣ ካፒቶል ሂልን አልፌ እስከ ቤት፣ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ እሄዳለሁ። ግማሾቹ ተጭረዋል፤ ዘፈኑ ልቤን ሊነካኝ ሲል እዚያው ይንተባተባል። ከሁሉ የባሰው ግን የምፈልገውን አለማወቄ ነው።

«አንጎራጉሪልኝ» እላታለሁ።

ታንጎራጉራለች። ግን አሥራ አምስት ዓመት ኳየር ውስጥ የኖረ ጉሮሮ ነው፤ ዜማው ውስጥ ገብቶ ያወዛውዘዋል፣ መጨረሻው ላይ ያነሳዋል።

«እማዬ፣ ሳትጨምሪበት!»

«ምን ጨመርኩ? እንደዚሁ ነው የሚሉት።»

«ይኸው አሁንም ጨመርሽ!»

«እንግዲህ አንተው አንጎራጉረው!»

ያገኘሁትን ይዤ እመጣለሁ። በከረጢት የሚነፋውን መሣሪያ ስትሰማ ጆሮዋን ይዛ «ይሄን ዝጋልኝ፤ የተረገጠች ፍየል ነው የሚመስለው» አለች። ቫዮሊኑን ወደደችው፤ እሱ ግን አይደለም። በስንተኛው ሳምንት እንደሆነ እንጃ፣ ሽፋኑ የጠፋ፣ ዘፋኞቹ ያለ ምንም መሣሪያ የሚቀባበሉበት አንድ ሲዲ አስገባሁ። እናቴ የሳሙና ጓንቷን ሳታወልቅ ከኩሽና ሮጣ መጣች።

«እሱ ነው! የማዘር መዝሙር! በኢየሱስ ስም፣ እሱ ነው!»

ወለሉ ላይ አረፋ እየተንጠባጠበ ሦስቴ ሰማችው። ከዚያ ዞራ «ምን ይላል?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው አላውቅም ማለት የነበረብኝ። እኔ ግን «እፈልግልሻለሁ» አልኳት። ፈልጌ አጣሁ። በየማታው ከሥራ ስትመለስ «አገኘኸው?» ትለኛለች። ዘፈኖቹን መርጬ፣ ቅደም ተከተላቸውን ስንቴ አፍርሼ ሠራሁ፤ ኮምፒውተሩ ቅጂው ሊያልቅ ሲል እየተቋረጠ አምስት ሲዲ አበላሸብኝ። አንድ ከሰዓት ዳሱ ውስጥ ዜማውን እየሰማሁ ስንኝ መጣልኝ። ጠዋት ስለ መንቃት፣ ሳይጠሩት ደጅ ስለ ቆመ ስለ አንድ ሰው። ማን እንደሆነ አልጻፍኩም። ከሲዲው ጋር አጥፌ ሰጠኋት።

«ይሄ ነው የሚለው?»

«እንደዚያ ዓይነት ነገር ነው» አልኩ፣ አፌ ውስጥ ዳቦ ነበር።

አነበበችውና አለቀሰች። ደጅ የቆመው ለእሷ አንድ ብቻ ነው፤ ራእይ ምዕራፍ ሦስት ላይ ታውቀዋለች። ማዘር በየጠዋቱ እሱን እያናገሩ ነበር ማለት ነው፤ ድነው ነው የሄዱት። እኔ ደግሞ በጻፍኩት ነገር ሰው ሲያለቅስ የመጀመሪያዬ ነበር። ዝም አልኩ።

ዝምታዬ ወር ቆየ። ከዚያ፣ የዚያን ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲዲውን ልመልስ ላይብረሪ ሄጄ የዚያን አገር ዘፈኖች ከነትርጉማቸው የያዘ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አገኘሁ። ቆሜ አነበብኩት። ኳየሩ ሳይዘምረው ልንገራት ብዬ መጣሁ። እንደዚያ ነው ለራሴ ያልኩት።

«ታዲያ ምንድን ነው የሚሉት?» አለች አሁን፣ ወረቀቱን ወደኔ እያወዛወዘች።

«የሥራ ዘፈን ነው። አዲስ የተሸመነ የሱፍ ጨርቅ አርጥበው፣ ሴቶች ጠረጴዛ ከበው እየደበደቡ የሚዘፍኑት። ጨርቁ ጥብቅ እንዲል። አዝማቹ ትርጉም የለውም፤ እጃቸው እኩል እንዲያርፍ ነው። የቀረው ጫማ እገዛልሻለሁ ብሎ ስለጠፋ ወንድ ነው።»

«ጫማ?»

«ጫማ።»

«ዓይናቸውን ጨፍነው እኮ ነው የሚሉት። ለጫማ ዓይን ይጨፈናል?»

«መጽሐፉ ላይ ያለውን ነው የምነግርሽ።»

«አንተ ቋንቋቸውን ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ!»

«ታዲያ ምን? እኔ ሳወጣው አመንሽ፣ መጽሐፍ ሲለው አታምኚም?»

ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምኩም።

«ቃሉን ወደሽው አልነበር? አልቅሰሽ አልነበር? የኔ ነው እኮ እማዬ! የልጅሽ ነው! ኳየሩ ይዘምረው፤ የማዘር ነው አትበያቸው እንጂ።»

«እኔ ያለቀስኩት ላንተ አይደለም» አለች። ድምጿ ዝግ ብሎ ነበር። «እሳቸው ያሉት መስሎኝ ነው። አራት ዓመት የጸለይኩበትን ነገር፣ አንተ አንድ ከሰዓት ተቀምጠህ መለስክልኝ?»

ዞር ብዬ መስኮቱን አየሁ። ታች ፓርኪንጉ ላይ የእሷ መኪና ከጎረቤት ፒክ አፕ ጋር ተጠጋግታ ቆማለች። ፊቴን ስመልስ እናቴ ካፖርቷ እንደተንጠለጠለ የሶፋው ክንድ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«አርጥበው ነው ያልከኝ?»

«ምኑን?»

«ጨርቁን።»

«አዎ። እርጥብ መሆን አለበት።»

እጇን አየች። «ሳጥባቸው ፎጣውን ከእጄ ይነጥቁኝ ነበር። የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ይደበድቡታል፤ እየዘፈኑ። ውኃው ፊቴ ላይ ይረጫል። እኔ ጭንቅላታቸው የታወከ መስሎኝ እቀማቸው ነበር። በየጠዋቱ። ‹ኖ ማዘር፣ ኖ ኖ› እያልኩ።»

«አላወቅሽም እኮ» አልኳት።

«ብዙ ሆነው ነው የሚደበድቡት?»

«ስምንት፣ አሥር ሆነው። እየተቀባበሉ።»

«ማዘር ብቻቸውን ነበሩ» አለች። «አንዱን ጫፍ ልይዝላቸው እችል ነበር።»

ተነሳችና የቀረውን እጅጌ አጠለቀች። ሲዲውን ከነማቀፊያው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ወረቀቱን ግን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ታጥፎ የነበረውን በመዳፏ ደልደል አድርጋ፣ ጽሑፉ ወደኔ እንዲዞር አድርጋ።

«ይሄ ያንተ ነው።»

«አትዘምሩትም?»

ቁልፏን ፈለገች። ኪሷ ውስጥ ነበር።

«እማዬ፣ ነገ ምን ልትያቸው ነው?»

«ረፍዶብኛል» አለች፣ ወጣችም፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።