የግራ ዓይኑ

አጎቴ በደርግ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሠዓሊና አሠሪ ያገናኝ ነበር። «የሥዕል ደላላው» ሲሉት ይከፋዋል። ለደብሩ ሥዕል ሊሰጥ ስለት የገባ ሰውም፣ አዳራሹን ማስጌጥ የፈለገ የገበሬ ማኅበርም ወደ እሱ ይመጣል፤ እሱም ለሥራው የሚስማማውን ሠዓሊ ፈልጎ ያመጣል። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ውዬ ስለነበር ሸራውን ሙጫ እቀባለሁ፣ ብሩሽ አጥባለሁ። እንግዳ ካለ ከጓዳ አልወጣም።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ከቡሬ ገጠር አንዲት እናት መጡ። ብቸኛ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። የማርያምን ሥዕል አሠርተው፣ ልጃቸውንም ከእግሯ ሥር አሥለው ለደብራቸው ሊሰጡ ተስለዋል።

«ሁልጊዜ እያየችው አትጥለውም» አሉ።

የነበራቸው ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው፤ ልጁ በተማሪዎች ሰልፍ ላይ ሲያልፍ ከቀኝ ጎኑ የተነሣው።

አጎቴ ሥራውን አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ ለመጣ ወጣት ሰጠው። ወጣቱ የገበሬ ማኅበሩን አዳራሽ ሥሎ መጨረሱ ነበር። እዚያ ዶማ ያነሡት ገበሬዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ጎን፣ ወደ ፀሐይ መውጫ አዙረዋል፤ ሹሞቹም በጣም ወደውለታል።

ሥዕሉ ሲያልቅ እናትዮዋ ሊያዩት መጡ። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ማርያምን እጅ ነሡ። ዝቅ ብለው ልጃቸውን ሲያዩ ግን በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

«ልጄን ምነው ባንድ ዓይን ሣልኸው?»

«ፎቶው እንደዚያ ስለሆነ ነው፣ እትዬ» አለ ወጣቱ።

«በደብራችን ግድግዳ ባንድ ዓይን የሚታዩት እነይሁዳ ናቸው እኮ! ሊሳለም የመጣ ሰው ሁሉ ልጄን ከማን ጋር ይቁጠረው? እመቤቴስ ብትሆን?»

አጎቴ ግንባሩን መታ። አሠሪና ሠዓሊ ሳያነጋግር ሥራ አያስጀምርም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሥዕሉን ለበዓል ለማድረስ ሲቸኩል ትቶታል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

ወጣቱ ያልደረቀውን ፊት በጨርቅ ጠርጎ እንደገና ጀመረ። ፊቱን ወደ እኛ አዞረው፤ ግራውን ዓይን በቀኙ አምሳል ሣለው። እናትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸ የሌላ ሰው ልጅ ነው።»

«እንግዲያው ይንገሩኝ፣ ግራ ዓይኑ እንዴት ያለ ነው?»

«ዓይን ነዋ! የሚያምር!»

«እኮ እንዴት ያለ የሚያምር?»

«ኧረ አንተ ልጅ! እንደጠፋ በሬ ምልክቱን ልንገርህ?» ብለው ሊስቁ ሲሉ ዕንባቸው ቀደማቸው።

ልጁ ለትምህርት ፍኖተ ሰላም መጥቶ በነበረ ጊዜ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር የተማርነው፤ እኔ ከግራው በኩል ነበርሁ። ትምህርት እስክናቋርጥ ድረስ ከደብተሬ ቀና ባልሁ ቁጥር የማየው ያንን ዓይን ነው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«ከቀኙ ጠበብ ይላል» አልሁ። «ሊስቅ ሲል ግራው ቀድሞ ይጠብባል። ከቅንድቡ ጫፍ ላይ የእሾህ ጭረት አለችው። ሽፋሽፍቱ ወደ ታች የተኛ ነው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ አፍ ያወጣሽው?» አለ አጎቴ።

ወጣቱ አልሳቀም። እኔ ስናገር እሱ ሣለ፤ «አይ፣ ትንሽ ዝቅ» ስለው ዝቅ አደረገው። ጭረቷ ስትገባ እናትዮዋ ወደ ሸራው ቀረቡ። ጣታቸውን ዘርግተው ቀለሙ እንዳይነካ መለሱት። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ። አንገቴን ደፋሁ።

በእነሱ አገር ሥዕል ወደ ደብር ሲገባ ጫፍ ጫፉን ይዞ የሚሄደው የሰጪው ቤተሰብ ነው።

«እሱ ያለበትን ጫፍ አንቺ ትይዢልኛለሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

አጎቴ ሰው ፊት እንደማልወጣ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ።

«እይዛለሁ፣ እትዬ» አልሁ።