አዋላጇና አምባዛዎቹ

አዋላጇ ጡረታ የወጡ ሰሞን ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። ሠላሳ አራት ዓመት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ማለት የለመደ ሰው በሩ ዝም ሲል ግራ ይገባዋል። የታጠበ ድስት መልሰው ያጥባሉ። ጎረቤት ካስነጠሰች «ምን ሆንሽ?» እያሉ አጥር ላይ ይንጠለጠላሉ።

ታናሽ ወንድማቸው ግንበኛው ይህን አይቶ፣ «እትዬ፣ አንቺ ሥራ ካልያዝሽ እኛን ሁላችንን ታሳብጂናለሽ» አለና ጓሮ ጉድጓድ ቆፈረላቸው። ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፈው ከጣሪያ በሚወርደው የዝናብ ውሃ ሞሉት። አምባዛ የሚባለውን ጢማም ዓሣ ሊያረቡ ነው። በዚያ መንደር ሥጋ ብርቅ ነው፤ አምባዛ ደግሞ ጠባብ ኩሬ ይበቃዋል፣ ብቅ እያለ አየር ይስባል፣ ፉርሽካም ይሁን ምስጥ ያገኘውን ይበላል።

ችግሩ ጫጩቱ ነበር። የዓሣ ጫጩት የሚገኘው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ስለሆነ፣ በጀሪካን ተጭኖ ሲደርስ እኩሌታው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። በሁለተኛው ዓመትም እንዲሁ ሆኖ ሲመጣ አዋላጇ አንገፈገፋቸው።

«ለምን እዚሁ አይወለድም?» አሉ።

ነገሩ የዓሣ ባለሙያው ጆሮ ደረሰ። ብዙ የተማረ፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ በሞተር ሳይክሉ ከች ብሎ፣ ሆዷ የተነፋውን ትልቋን ዓሣ እንቁላሏን የሚያደርስ መርፌ ወጋት። በማግስቱ ጠዋት እንቁላሉን አልቦ ለማውጣት ሲያነሣት ግን ተወራጭታ በጅራቷ ፊቱን አጮለችው። መነጽሩ ኩሬው ውስጥ ገባ። ግንበኛው በሳቅ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ልጄ፣ እስቲ ወዲያ በል» አሉ አዋላጇ። እጃቸውን ታጥበው ዓሣዋን በእርጥብ ፎጣ ጠቀለሉ፤ ዓይኗንም ሸፈን አደረጉላት። «አይዞሽ እናቴ፣ ምንም አይደል፣ ቀስ እያልሽ…» አውራ ጣታቸውን ከሆዷ ወደ ጅራቷ ዝቅ ሲያደርጉት፣ ዳጉሳ የመሰለ እንቁላል ሳህኑ ውስጥ ተንዠቀዠቀ። ባለሙያው የወንዱን ዘር ቀላቀለበት፤ ወንፊት ላይ ዘርግተው ንጹሕ ውሃ ውስጥ አስቀመጡት።

በነጋታው ረፋድ ላይ ከወንፊቱ ሥር ያለው ውሃ የዐይን ሽፋሽፍት በሚያካክሉ ፍጥረቶች ይርመሰመስ ነበር። ሲወለድ ያላለቀሰ ሕፃን ሲያዩ የሚደነግጡት ሴት፣ ይህ ሁሉ ሺህ ጭጭ ብሎ ሲወለድ ወደ ባለሙያው ዞሩ።

«ደኅና ናቸው?» አሉ በሹክሹክታ።

«ደኅና ናቸው፣ እማማ።»

ያኔ እንባቸው መጣ፤ ሳቃቸውም ተከተለ።

ሁሉም አላደገም። በሦስተኛው ሳምንት ትልልቆቹ ትንንሾቹን ሲውጡ ደረሱባቸው። «እናንተ ጉዶች! ወንድማችሁ እኮ ነው!» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ትልቁን ለብቻ፣ ትንሹን ለብቻ ይለያሉ።

የመጀመሪያው ዓሣ ደርሶ ሲጠበስ ግንበኛው፣ «እኔ ጢም ያለው ነገር አልበላም» ብሎ ድርቅ አለ።

«ታዲያ ሚስትህ ሃያ ዓመት ከጢማም ጋር እንዴት ኖረች?» ቢሉት ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ትንሽ ቆይቶ እሱም አጥንት ሲመጠምጥ ተያዘ።

ዛሬ በመንደሩ አሥራ ሰባት ኩሬ አለ። ለጫጩት ባልዲ ይዘው ከሚመጡት ብዙዎቹ ራሳቸው በአዋላጇ እጅ የተወለዱ ናቸው። «አንተ እንኳን ስትወጣ እንደዚህ አልፈጠንክም» ይሉታል አንዱን፣ በሰው ፊት። ባለሙያውም ከሌሎች መንደሮች ሠልጣኞችን እያመጣ እሳቸው ዘንድ ያስተምራል። ባለፈው የመጡት ደብተራቸውን ከፍተው፣ እስክሪብቶ ጨብጠው ሲጠብቁ፣ አዋላጇ የአንዷን እጅ አገላብጠው አዩና፣

«ደብተሩ ይቆያችሁ፤ መጀመሪያ ጥፍራችሁን ቁረጡ» አሏቸው።