ጋሼን ያስቆምኩ ቀን

«አንቺ ወንድ ሆነሽ ብትፈጠሪ ኖሮ እስካሁን አንድ ጥርስ አይተርፍሽም ነበር።»

ይህን ያሉኝ ጋሼ ናቸው፤ ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ሄልሜት ለመውሰድ ተሰልፈን ሳለ አንዱ ከኋላ መጥቶ ፊቴ ሲገተር «ወንድሜ፣ የሌለህ ዓይን ነው ይሉኝታ?» ስላልኩት ነው። ሌላ ሰው ቢለኝ መልስ አላጣም ነበር። ለጋሼ ግን ሳቅሁ። ሲግናል ሰፈር ውስጥ ከእኛ ሱቅ ጀርባ የሚኖሩ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። የእናቴን ሱቅ መብራት የዘረጉት እሳቸው፣ የዳቦ ቤቱንም እሳቸው። ሰፈሩ ሲጨልም መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሳቸው በር ነው።

የከፍተኛ ኃይል መስመር በእንጦጦ ጀርባ ዞሮ ወደ የካ ሊገባ ነው፣ ለሥራው የአካባቢው ነዋሪ ሠልጥኖ ቅድሚያ ይቀጠራል የሚል ማስታወቂያ በወረዳው ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አብረን ተመዘገብን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ሳላመጣ፣ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ግድግዳ ልቧጥጥ ደርሼ ነበር። እሳቸው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ለሠሩበት ሙያ የሚመሰክርላቸው አንዲት ወረቀት አልነበራቸውም። «በስተርጅና ከልጅ ጋር ተማሪ ቤት ገባሁ» እያሉ በራሳቸው ይቀልዱ ነበር።

የሠለጠንነው ከእንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ በተመነጠረበት ሜዳ ላይ ነው። አጫጭር ምሰሶዎች ተተክለው ሽቦ ተወጥሮባቸዋል፤ መለማመጃ ስለሆነ ኃይል የለውም። ጠዋት ወደ ራጉኤል የሚወጡ ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ቆም ብለው ያዩናል። አንዷ፣ ቀበቶዬን ታጥቄ ምሰሶ ላይ ስወጣ፣ «ልጄ፣ እናትሽ ታውቃለች?» ብላ ከሥር ጮኸችብኝ።

አሠልጣኛችን በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ኢንጂነር ነበር። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሁለት ነገር እየደጋገመ ሲያሰለቸን ከረመ። ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ኃይል አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጡ። አንድ ሰው ይህን ሲዘል ካያችሁ ደግሞ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጮክ ብላችሁ «አቁም» በሉት።

«ትልቅ ሰው ቢሆንስ?» አለ አንድ ሠልጣኝ።

«ኤሌክትሪክ ዕድሜ አይጠይቅም።»

«እሱስ አይጠይቅም፤ ሰፈር ስመለስ ግን እናቴ ትጠይቀኛለች።»

ሁላችንም ሳቅን። ጋሼም ሳቁ።

እውነቱን ለመናገር ከሥልጠናው ሁሉ ሰውን የከበደው ያ ነበር። መውጣቱ ይለመዳል። ትልቅ ሰው ሲሳሳት አንገቱን እየደፋ ያደገ ሰው ግን «አቁም» በል ሲሉት፣ ለልምምድ እንኳ፣ ያንሾካሹካል። እኔ አልከበደኝም። ኢንጂነሩ «እንደ እሷ ጩኹ!» ይላቸው ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ የተሰደብኩበት አፍ የተመሰገነው እዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ነው።

ጋሼ የቤት መብራት ሲሠሩ ቴስተር አይዙም። ሽቦውን በእጃቸው ጀርባ ነካ ያደርጉታል። በመዳፍሽ ከነካሽው ጨብጦ ያስቀርሻል፣ በጀርባው ከሆነ እጅሽ ራሱ ይሸሻል ብለው ለእኔም አሳይተውኛል፤ ሱቃችን ውስጥ፣ ገና ልጅ ሳለሁ። የቤት መብራት አንዳንዴ ይህን ይምራል። በእንጦጦ የሚያልፈው መስመር አይምርም፤ ሳይነኩት፣ ሲቀርቡት ብቻ ይመታል።

በፈተናው ቀን ጋሼ ምሰሶው ላይ ወጡ፤ እኔ ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር ከሥር ገመድ ይዣለሁ። ፈታኙ ጀርባውን ሰጥቶን የሌላ ሠልጣኝ ቀበቶ ይመረምራል። ጋሼ ቴስተሩ ወገባቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ጓንታቸውን አወለቁና የእጃቸውን ጀርባ ወደ ሽቦው ሰደዱ። አራታችንም አየን። አንዱ ወዲያው ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ጋሼ፣ ያቁሙ!»

ፈታኙ ዞረ። «ምን አየሽ?» አለኝ። ያየሁትን ነገርኩት። ጻፈ።

ውጤቱ ሲለጠፍ እኔ አልፌአለሁ፤ ጋሼ ወድቀዋል።

ሽቦው ኃይል አልነበረውም። ዝም ብል ኖሮ ፈታኙም አያይ፣ ማንም አይጎዳ። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። አንዳንድ ቀን፣ ያ እጅ አንድ ቀን እውነተኛው መስመር ላይ ይሰደድ ነበር፣ ደግ አደረግሁ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ «እንደ እሷ ጩኹ» መባሉ ጣፍጦኝ ይሆን የጮህኩት እላለሁ። ሁለቱም ሳይሆኑ አይቀሩም።

ለመቀጠር ዋስ ያስፈልጋል፤ ዋሱም ደሞዝተኛ መሆን አለበት። ወላጆቼ ከደቡብ መጥተው ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ በቤታችን ደሞዝተኛ የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም። ዋስ እሆንሻለሁ ብለው ከመጀመሪያው ቃል የገቡልኝ የጋሼ ባለቤት እትዬ ነበሩ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ናቸው። ወረቀት ማስገቢያው ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ቅጼን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

እትዬ የዋስትናውን ደብዳቤ ከትምህርት ቤታቸው አውጥተው ኖሯል። ማኅተሙ ይታየኛል፤ እጃቸው ላዩ ላይ ነው። ጋሼ ጥግ ተቀምጠው የሰው ካውያ ፈተዋል፤ ቀና አላሉም።

«ዝንብ ሲያባርር ነው ያየሽው» አሉ እትዬ።

«አይ፣ እትዬ...»

«አስጨርሺኝ። ነገ ቅጽሽን ስታስገቢ፣ ከሥር ሆኜ በደንብ አልታየኝም በያቸው። ደግመው ይፈትኑታል። አንቺ ምን ትሆኛለሽ? ሥራሽ ሥራሽ ነው፤ ዋስሽም ይኸው።»

«ታይቶኛል እኮ።»

«በማን መብራት ነው አጥንተሽ እዚህ የደረስሽው?»

«በእሳቸው።»

«እና?»

ጋሼ ብሎን መፍቻውን አስቀመጡ።

«ዝንብ አልነበረም» አሉ።

«አንተ ዝም በል!»

«አይታለች አልኩሽ።»

እትዬ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ይህን ሁሉ የሚያይ ዓይን ካላት ዋስም አይታ ታምጣ።»

ጋሼ ካውያውን መልሰው አነሱ። እኔም ቅጼን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ፣ «ደህና ዋሉ» አልኩ፣ በር ላይ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።