የሕዋሱ አባላት

የያዙኝ ቢሮዬ ውስጥ፣ በምንጭ ውሃ ናሙና ጠርሙሶች ላይ ቁጥር ስለጥፍ ነው። ሁለት ሰዎች ነበሩ። ጨዋ ነበሩ፤ ነሐሴ ስለነበር ጃንጥላዬን እንድይዝ እንኳ አስታውሰውኛል። አንደኛው ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ደብተር አንስቶ ብብቱ ውስጥ ከተተው።

ያስገቡኝ ከደብረ ማርቆስ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አሁንም ዓይን ያቃጥላል፤ በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ነጫጭ ፍሬዎች ቀርተዋል። አሥራ አንድ ሴቶች፣ ለመጸዳጃ አንድ ባልዲ፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ የሚያየው የሴቶቹን ፊት ነው። እኔ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ያየሁት ኩባያው ከባልዲው ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። አንድ ክንድ አይሞላም ነበር።

በማግስቱ መርማሪው ደብተሬን ገልጦ ጠበቀኝ። በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ደብተሩ ውስጥ የነበረው የገጠር ውሃ ኮሚቴዎችን ላስተምርበት ያዘጋጀሁት ማስታወሻ ነበር። ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ አነበበልኝ።

«‹ሦስት ምንጮች አሉን፤ አንዱ ተበክሏል።› ‹አንድ ሕዋስ ሲመቸው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ይሆናል። በዓይን አይታይም።›» ቀና አለ። «ምንጮቻችሁ እነማን ናቸው? ሕዋሱ ውስጥስ ስንት ናችሁ?»

«ባክቴሪያ ነው» አልኩት። «ምንጩም ሰው የሚቀዳው ምንጭ ነው።»

«እህቴ፣ እኔ ራሴ የሕዋስ ሰብሳቢ ነበርኩ። ሕዋስ ምን እንደሆነ አታስተምሪኝ።»

ምን ይባላል? እሱ በፓርቲ ስብሰባ የተማረውን ቃል እኔ በባዮሎጂ ክፍል ተምሬዋለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሁለታችንም በአማርኛ ተነጋገርን፤ አልተግባባንም።

በአምስተኛው ቀን ተቅማጡ ጀመረ። መጀመሪያ ሁለት ወጣቶችን ያዘ፤ ከዚያ እማሆይን። እማሆይ ሰባ ያለፋቸው፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ መነኩሲት ናቸው። ለምን እንደታሰሩ ሲጠየቁ «ቤቴ ያደረውን እንግዳ ስሙን አልጠየቅሁትም፤ እነሱ እኔን ጠየቁኝ» ይላሉ። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱም። በሁለተኛው ቀን የእጃቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው እንደተነሳ ቀረ፤ ሰውነታቸው ውሃ ጨርሷል። ፈራሁ።

«እማሆይ፣ የያዘዎት በዓይን የማይታይ ነገር ነው። ካልጠጡ ይገድልዎታል።»

«በዓይን የማይታየውን ማመን ለእኔ ሥራዬ ነው ልጄ» አሉ። ሊስቁ ፈልገው አቅም አጡ። «ውሃ ከሆነ እስከ ሰዓቱ ይቆየኝ። መድኃኒት ከሆነ ግን አምጪው።»

መድኃኒት ለማድረግ ጨውና ስኳር ያስፈልገኝ ነበር። ጨው አንዷ ከቤት ከመጣላት ስንቅ ሰጠችኝ። በሩ ላይ የምትቆመው ጥበቃ ከራሷ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ልትቀዳልኝ ተስማማች። ስኳር የነበረው መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ባለው ጣሳ ውስጥ ብቻ ነው።

ራሴ ጠይቄ ሄድኩ። ሻዩን ያማስላል።

«ስኳር ይስጡኝ። አሮጊቷ ሊሞቱ ነው።»

«የሕዋሱን አባላት ስም ጻፊና ከነጣሳው ውሰጂ።» ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። «ትብብርሽ ከታየ በዚህ ሳምንት ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

ደክሞኝ ነበር። አልዋሽም፣ ተናድጄም ነበር። እስክሪብቶውን አንስቼ ቆንጆ አድርጌ ሦስት ስም ጻፍኩ፦ ኮላይ፣ ሽጌላ፣ ሳልሞኔላ። ሦስቱም ሆድ የሚያጣድፉ ባክቴሪያዎች ናቸው።

«የሽፋን ስም ነው?»

«ስማቸው ነው።»

«ይቺ ሽጌላ የምትባለው የት ነው የምትገኘው?»

«መንገደኛ ከሚበዛበት አትጠፋም» አልኩት።

አስተውሎ ጻፈው። ጣሳውን ደረቴ ላይ አቅፌ ስመለስ እየሳቅሁ ነበር። ለሴቶቹም ነገርኳቸው፤ ከታሰርን ወዲህ እንዲያ ስቀን አናውቅም። እማሆይ ሰመመን ላይ ስለነበሩ አልሰሙም። ሌሊቱንና ቀኑን በማንኪያ በማንኪያ አጠጣኋቸው። በሦስተኛው ቀን ተነስተው ተቀመጡና ዳዊታቸውን በቃላቸው ማድረስ ጀመሩ። ወጣቶቹም ተሻላቸው።

በአራተኛው ቀን በሩ ተከፍቶ አንዲት ሴት ገባች። ደጀን፣ የጭነት መኪኖች ከሚያድሩበት ሰፈር ጠላ የምትሸጥ ናት። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የቀሚሷ ደረት ርሷል፤ ዝናብ መስሎኝ ነበር። ወተት ነው። የሦስት ወር ልጇን ለጎረቤት አስታቅፋ መጥታለች።

«ስምሽ ማን ነው?» አለቻት አጠገቧ ያለችው።

«ሽጌ።»

አብረውኝ የሳቁት ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ።

«ኧረ ሕዋስ የሚሉት ምንድን ነው?» አለች ሁላችንንም እያየች። «እዚያ ውስጥ አለሽበት ይሉኛል። እኔ እንደሁ ከጽዋ በቀር ሌላ ማኅበር የለኝ!»

እማሆይ ጎን ሄጄ ተቀመጥኩ። ስኳሩን በምን እንዳገኘሁት ነገርኳቸው። ዳዊታቸውን አቋረጡ።

«ቅኔ የተቀኘሽ መስሎሽ ነው» አሉ። «ሰሚው የማይፈታውማ ቅኔ አይደለም ልጄ፤ ሐሰት ነው። እኔም ጠጥቼዋለሁ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ተነስቼ በሩን መታሁ። መርማሪው ሲያየኝ ፈገግ አለ። የመፈቻ ደብዳቤዬ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ስሜን ከማዶ ተገልብጦ እንዳለ አነበብኩት። ዝም ብዬ ብመለስ በማግስቱ እናቴ ቤት ነኝ። ይህን አላሰብኩም ብል ውሸት ነው።

«የጻፍኩልዎት ስሞች የሰው አይደሉም» አልኩት። «የተቅማጥ ባክቴሪያዎች ናቸው። ስልክዎ ላይ ይፈልጓቸው።»

ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። ብዙ ቆየ። ጆሮው ሲቀላ አየሁ።

«ተጫወትሽብኝ።»

«አዎ። ያቺ ሴት ግን ምንም አላደረገችም። የምታጠባው ልጅ አላት።»

አልጮኸም፣ አልመታኝም። ደብዳቤውን ለአራት አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

የሽጌ መዝገብ እስኪዘጋ ስድስት ቀን ፈጀ። ጠዋትና ማታ ጥግ ይዛ ጡቷን በእጇ እያለበች ባልዲው ውስጥ ታፈስስ ነበር። በአራተኛው ቀን የሚወጣው ጠብታ ብቻ ሆነ። በአምስተኛው ቀን ማለቡን ተወችው።

ሊፈቷት ስሟ ሲጠራ ሁላችንንም በየተራ ሳመች። እኔ ጋ ስትደርስ እጇን ያዝኩት።

«ስምሽን ያስያዝኩት እኔ ነኝ» አልኳት። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። በሩ ላይ ጥበቃዋ እየጠበቀች ነው።

ነጠላዋን አስተካከለች። «ስኳሩ ለእማሆይ ነበር?»

«ለእሳቸው።»

«እንግዲህ…» አለችና ሳትጨርሰው ወጣች።

እኔ እስከ ጥር ቆየሁ። አሁን ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ ዛሬም ውሃ እመረምራለሁ። ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ደጀን ላይ ይቆማል። ተሳፋሪው ምሳ ሊበላ ይወርዳል፤ እኔ መስኮቱ ጋ እቀመጣለሁ። ልጁ አሁን ቆሞ ይሄዳል፤ ጥቂት ጥቂት ያወራም ይሆናል። ቤቷን ለማግኘት አንድ ሰው መጠየቅ ይበቃኛል። በምን ቃል እንደምጀምር ሳስብ ሹፌሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ ሰዉ እየሮጠ ይመለሳል። እስካሁን አልወረድኩም።