«ተቀመጡ» ያለችው ሴት

ቀኝ እጇ በጀሶ ታስሯል። የፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ በግራዋ የሻርፗን ዘርፍ ትጎነጉናለች፤ የሚያግዝ እጅ ስለሌለ ግን ጉንጉኑ መልሶ ይፈታል። ሹሩባ ሠሪ ናት፤ ኮልፌ ገበያ ዳር ብስክሌተኛ ገጭቷት ካሣ ልትጠይቅ መጥታለች።

«ከልጁ ጋር ታርቀሻል ተብሏል፣ እህቴ» አላት መርማሪው። «የላካቸው ሽማግሌዎች ለይቅርታ ሲቆሙ ‹ተቀመጡ› ብለሻል።»

«ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ዐይቼ ነዋ! የአባቴን እኩዮች ገትሬ ላቆያቸው? ተቀመጡ አልኩ እንጂ ካሣዬን ተውኩ አልኩ?»

«ባህሉን ታውቂዋለሽ፤ ካስቀመጥሻቸው ይቅር ብለሻል።»

«ወይ ጣጣዬ!»

ንዴቷ ሳይበርድ፣ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት እያዘገሙ ገቡ። አግዳሚው ሞልቷል። ጥርሷን ነክሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ብዙም ሳትቆይ ግን ብድግ አለች።

«ይቀመጡ፣ አባባ» አለች፣ መርማሪውን በጎሪጥ እያየች።